ደረጃ 3 ጆንያ፣ ደረጃ 1 ፍሬ

የኮምፒውተር ሜሞሪን ታሪክ ለማውራት ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የተሻለ ቦታ የለም ብንላችሁ ትስቁብናላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ራም የሚሠራው ኮሪያ፣ ታይዋንና አሜሪካ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ቡና ነው። ነገር ግን ኦቨርክሎክ የሚሉትን ነገር፣ ማለትም ሜሞሪን አምራቹ ከጻፈበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥን፣ ከማንም ቀድሞ ሊገባው የሚገባ ሰው ቢኖር ቡና ሲለቀም፣ ሲበጠርና ደረጃ ሲወጣለት እያየ ያደገ ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ዕቃው ራሱ ምንድን ነው? (ዓ.ም ካላልን በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) በ1966 ሮበርት ዴናርድ ለተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ አንድ ቀላል ሐሳብ መጣለት፤ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ካለ አንድ ቢት ማስቀመጥ ይቻላል። ካፓሲተሯን እንደ ትንሽ ጣሳ ቁጠሯት። ሙሉ ከሆነች አንድ፣ ባዶ ከሆነች ዜሮ። ችግሩ ጣሳዋ ቀዳዳ ናት። ያስቀመጡባት ኤሌክትሪክ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ ስለዚህ ከማለቁ በፊት እየዞሩ መሙላት ግድ ነው። በዘመናችን ሜሞሪዎች እያንዳንዷ ጣሳ ከ64 ሚሊሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ትሞላለች። ፓተንቱ በ1968 ወጣ፤ በ1970 ኢንቴል 1,024 ቢት የሚይዘውን 1103 የተባለ ቺፕ ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬ በ16 ጊጋባይት ራም ላይ ከ137 ቢሊዮን በላይ ጣሳ አለ። መብራት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ለምን እንደሚጠፋ እዚሁ ላይ ግልጽ ነው፤ የሚሞላ ከሌለ ሁሉም ጣሳ ባዶ ነው። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለቴፒ ልጅ አይነገርም።

አሁን ወደ ቡናው። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ዛፍ ጭምር የተለቀመ ፍሬ እኩል አይደለም። አንዱ ሳይበስል ተለቅሟል፣ አንዱን ነቀዝ በልቶታል፣ አንዱ ደግሞ ለጉድ ይጣፍጣል። ስለዚህ ይበጠራል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ ደረጃ ይሰጠዋል። ሜሞሪ ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከአንድ የሲሊከን ዝርግ ላይ የተቆረጡ ቺፖች እኩል አይሮጡም። እያንዳንዱ ይፈተናል፤ በዚህ ቮልቴጅ፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ፍጥነት ሳይሳሳት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ከዚያ ደረጃው ይጻፍበታል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ምርቱ ያማረበት ዓመት ሆነ፣ ገበያው ግን በብዛት የሚጠይቀው ርካሹን ደረጃ 3 ነው እንበል። ፋብሪካው ምን ያደርጋል? ደረጃ 1 መሆን የሚችለውን ፍሬ ደረጃ 3 ጆንያ ውስጥ ጨምሮ ይሸጠዋል። ኦቨርክሎክ እንግዲህ ይህን ጆንያ ፈትቶ ፍሬውን መፈለግ ነው። ሌላ አስማት የለውም።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ቀን የመጣው በነሐሴ 1990 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጁ 1998። ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ፕሮሰሰር አወጣ። ኪሱ ለሳሳ ሰው የተሠራ ነበር፤ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር 66 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው ደግሞ 4.5 ላይ ተቆልፎ። ታዲያ አንዳንዶች መስመሩን ከ66 ወደ 100 ከፍ አድርገው ሞከሩት። 100 በ4.5 ሲባዛ 450! የኢንቴል የዚያን ጊዜ ቁንጮ ፔንቲየም 2 የሚሮጠው በዚሁ በ450 ነበር፤ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አቢት የሚባለው የታይዋን ኩባንያም ቢኤች6 በተሰኘው ማዘርቦርዱ ላይ ይህን ሁሉ ከባዮስ ገብቶ በኪቦርድ ማስተካከል አስቻለ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦርዶች ላይ ሰው ጃምፐር በወረንጦ እየነቀለ ነበር የሚሠቃየው።

ሜሞሪ መምረጥ የሚባለው ጣጣም ከዚሁ ጋር መጣ። መስመሩ 100 ሲሆን ሜሞሪውም አብሮ 100 መሮጥ አለበት። ፒሲ100 የተጻፈበትን የገዛ አለፈለት፤ ርካሹን ፒሲ66 የገዛ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለበት። ያን ጊዜ በራም ላይ የምትጨመረው ትንሽ ብር በፕሮሰሰር ላይ ብዙ ብር ታተርፍ ነበር። ሒሳቡ ለድሃው ያደላ ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልን፣ በኋላ ይገለበጣል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለኪስ አልተመቸም። ኢንቴል ራምበስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ገጥሞ በ2000 መጨረሻ የወጣውን ፔንቲየም 4 መጀመሪያ ላይ በራምበስ ሜሞሪ ብቻ እንዲሠራ አደረገው። ወረቀት ላይ ፈጣን፣ ገበያ ላይ እሳት። ራም ያልገባበት ቀዳዳ ካለ እንኳ ለይምሰል የሚሰካ ባዶ ካርድ ይፈልግ ነበር (ለባዶ ቦታም ግብር እንደማለት)። ገዢው አኮረፈ። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ማኅበር በ2000 ያጸደቀው ዲዲአር ርካሽ ስለነበር ሜዳውን ወሰደው፤ ኢንቴልም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ።

ርካሹም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ትልልቆቹ የሜሞሪ አምራቾች ከ1999 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ዋጋ እየተመካከሩ ይወስኑ እንደነበር የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ደረሰበት። ጥፋታቸውን አምነው ኢንፊኒዮን በ2004 160 ሚሊዮን ዶላር፣ ሀይኒክስ በ2005 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ በዚያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። ገንዘቡ የገባው አሜሪካ ነው። በእነዚያ ዓመታት መርካቶ ወርዶ ራም ለገዛ ሰው ትርፏን ልመልስልህ ያለው የለም።

የሆነ ሆኖ 2003 እና 2004 ለጆንያ ፈቺዎች ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ሳንጠግበው ያለፈ ዘመን ነው። ዊንቦንድ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ቢኤች-5 የሚባል ቺፕ ነበረው። ለዲዲአር 400 የተፈቀደው ቮልቴጅ 2.6 ነው። ቢኤች-5 ግን 3.3 እና ከዚያም በላይ ሲሰጡት እንደ ሌላው አይንገዳገድም፣ ጭራሽ ይነቃል! ማዘርቦርድ አምራቹ ዲኤፍአይ ለራም እስከ 4 ቮልት የሚሰጥ ቦርድ እስከማውጣት ደረሰ። ዊንቦንድ ቺፑን ማምረት ሲያቆም ሰው የአሮጌ ራም ተለጣፊ እየላጠ፣ ቺፑ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበበ ይፈልገው ገባ። በተለያየ ብራንድ፣ በተለያየ ዋጋ፣ ውስጡ ግን አንድ ፍሬ። የብራንዱን ስም ትቶ የቺፑን ማንነት የሚጠይቅ ገዢ ያኔ በዛ። የእኛ ቡና ነጋዴ "የየት ወረዳ ነው?" እንደሚለው መሆኑ ነው።

ነጋዴ ግን ሞኝ አይደለም። እናንተ ጆንያውን ፈትታችሁ የምታገኙትን ፍሬ እኔው ለይቼ ለምን በውድ አልሸጥላችሁም አለ። በ2006 ኢንቪዲያና ኮርሴር ኢፒፒ፣ በ2007 ኢንቴል ኤክስኤምፒ የተባሉ ዘዴዎችን አመጡ፤ ኤኤምዲም በ2022 ኤክስፖ የሚለውን ጨመረ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ፈጣኑ ቅንብር ራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፣ እናንተ ባዮስ ገብታችሁ አንድ መስመር ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። መቅለሉ ደስ ይላል፣ አንክድም። ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። በ1998 ርካሽ ገዝቶ ውድ ማግኘት የነበረው ነገር፣ ውድ ገዝቶ የተከፈለበትን ማብራት ሆነ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም፣ ልክ በዚሁ ሰሞን ነው። እኛ ድግሱ ተነሥቶ ደረስን።

ለነገሩ ይህ ታሪክ ለአገሬው ሰው እንግዳ አይደለም። በ1930ዎቹ ከእኛው ጌሻ አካባቢ የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ደረሰ። ብዙ ዓመት የተለየ ስም ሳይኖረው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ኖረ። በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለብቻው ለይቶ ለውድድር አስቀመሰው፤ በጨረታም ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ። ፍሬው ያው ነው፤ ትርፉን የወሰደው የለየው ነው።

አሁን ተለጣፊው ላይ ወዳለው ቁጥር እንምጣ፤ ኪሳችሁን የሚነካው እሱ ነው። 400፣ 800፣ 1600፣ 3200፣ 6000 እያለ አድጓል። ከጎኑ ሲኤል የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ ሜሞሪው ሲጠየቅ መልስ እስኪያቀብል ስንት ምት እንደሚቆይ የሚናገር ነው። ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉት፤ የሚጠበቀውን ጊዜ በናኖሰከንድ ታገኛላችሁ። የ2003 ጎበዝ ዲዲአር 400 በሲኤል 2፤ 10 ናኖሰከንድ። ዲዲአር2 800 በሲኤል 4፤ 10። ዲዲአር3 1600 በሲኤል 8፤ 10። ዲዲአር4 3200 በሲኤል 16፤ አሁንም 10። የዘመናችን ዲዲአር5 6000 በሲኤል 30? 10!

ማጭበርበር ነው ማለታችን አይደለም። በአንድ መስመር በሰከንድ የሚያልፈው ዳታ ከ3.2 ጊጋባይት ወደ 48 ጊጋባይት አድጓል፣ ቀላል ነገር አይደለም። ነገሩ እንደ ሚዛንና አዲስ አበባ ጉዞ ነው፤ አውቶቡሱ በዛ እንጂ በቦንጋና በጅማ ያለው መንገድ አላጠረም። ብዙ ተሳፋሪ ላለው ሥራ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ያለ ግራፊክስ ካርድ ጌም ለሚጫወት፣ ለውጡ ይታያል። አንድ ገጽ ለሚጽፍ አይታይም።

እና ምን እንግዛ? በእኛ ከተሞች በብዛት የሚሸጠው ከውጭ ቢሮ ተጠቅመውበት የወጣ ዴስክቶፕ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ባዮስ አብዛኛውን ጊዜ ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ የለበሰ ፈጣን ራም ብትሰኩበት ማዘርቦርዱ በሚያውቀው በ1600 ወይም በ2400 ያስኬደዋል፤ ልዩነቱን የከፈላችሁት ለቆርቆሮው ነው። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ከአንድ 8 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት እኩል ባለ 4 በየመስመራቸው መሰካት የበለጠ ይሰማል፤ መንገዱ ሁለት ይሆናልና። ከዚያ በፊት ግን ላጲስ ግዙ። በእኛ ዝናብና እርጥበት የራሙ ወርቃማ ጥርስ ይደበዝዛል፤ ነቅሎ በላጲስ ፈግ ፈግ አድርጎ መመለስ ሞተ የተባለን ኮምፒውተር ስንቴ አስነሥቷል!

ባዮሱ የሚፈቅድ ቦርድ ያላችሁ ደግሞ ሞክሩ፣ አንከለክልም፤ እኛም እንሞክራለን። የሚያስፈራው ራሙ መቃጠሉ አይደለም። የሚያስፈራው ዝም ብሎ መሳሳቱ ነው። ከአቅሙ በላይ የሚሮጥ ሜሞሪ ሁልጊዜ ቀጥ አይልም፤ አንዳንዴ አንድን አንድ ዜሮ ያደርገዋል፣ እናንተም ሴቭ ትሉታላችሁ። ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ፋይል ሊያስረክብ ሲል አልከፈት አለው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ኮፒም የተበላሸው ራሱ ነበር። ሙቀት ሲጨምር ጣሳዋ ቶሎ ስለምትፈስ ጠዋት ያለፈ ቅንብር ከሰዓት በቴፒ ሙቀት ሊወድቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚያሳስበን ዋጋው ስለተነሣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወደደ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን ስለሚሻሙት ዋጋው በዓለም ዙሪያ አሻቀበ፤ ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚዘጋ በታኅሣሥ 2025 አስታወቀ። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን አሮጌ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አትጣሉ፣ በርካሽም አትስጡ።

ፍጥነቱን ከፍ ካደረጋችሁ ሜምቴስት86+ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሡት። ሙሉ ሌሊት ይሥራ፤ ግማሽ ሰዓት አይበቃም። ጨለማ ከሆነ በማግስቱ ከመጀመሪያው መጀመር ነው፣ ምን ይደረጋል። መብራት ካደረና ጠዋት አንዲት ቀይ መስመር ካያችሁ ፍጥነቱን አንድ እርከን አውርዳችሁ እንደገና አስጀምሩት።