የሃሪ ፖተር እና የስታር ዋርስ የፊልም መንደሮች

የሃሪ ፖተር እና የስታር ዋርስ የፊልም መንደሮች ሁለት ተፎካካሪ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሳል እና ዋልት ዲዝኒ፣ በመዝናኛ ፓርኮቻቸው ውስጥ የሠሯቸው ሰፋፊ ክፍሎች ናቸው። ጎብኚው በእነዚህ ክፍሎች ሲያልፍ በፊልሙ ዓለም ውስጥ ያለ ሆኖ እንዲሰማው ተደርገው ተገንብተዋል። የዩኒቨርሳሉ «ዘ ዊዛርዲንግ ወርልድ ኦፍ ሃሪ ፖተር» ይባላል፤ መጀመሪያ የተከፈተው በፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ፣ ጁን 18 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ነው። የዲዝኒው «ስታር ዋርስ፦ ጋላክሲስ ኤጅ» ሲሆን ሜይ 31 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ቀን ደግሞ በፍሎሪዳ ተከፍቷል።

ሁለቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሱቅ፣ ምግብ ቤትና መጫወቻ በአንድ ታሪክ ሥር ያሰባሰቡ ናቸው። ዋናው ልዩነታቸው ግን የታሪኩ አያያዝ ነው። ዩኒቨርሳል ሰው በፊልም አይቶ የወደደውን ቦታ ራሱን ሠራ። ዲዝኒ በየትኛውም ፊልም ያልታየ አዲስ ከተማ ፈጥሮ ጎብኚው የራሱ ታሪክ ባለቤት እንዲሆን ጠየቀ።

ከመጫወቻ ወደ መንደር

መዝናኛ ፓርክን በክፍል በክፍል መለየት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዲዝኒላንድ ጁላይ 17 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ አናሃይም ሲከፈት የጀብዱ፣ የድሮው የአሜሪካ ጠረፍ፣ የተረትና የመጪው ዘመን ክፍሎች ነበሩት። እነዚህ ክፍሎች ግን በአንድ ፊልም ላይ የተመሠረቱ አልነበሩም። ፊልም በፓርክ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ አንድ መጫወቻ ነበር። ዲዝኒ በ1987 እ.ኤ.አ. የከፈተው «ስታር ቱርስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጎብኚው ለጥቂት ደቂቃ በጠፈር መንኮራኩር ይጓዝና በሩን ከፍቶ ሲወጣ ወደ ተራው ፓርክ ይመለሳል።

የሃሪ ፖተር መንደር ይህን አሠራር ለወጠ። ከመጫወቻው ሲወጣ ታሪኩ አያልቅም፤ መንገዱም፣ ሱቁም፣ የሚጠጣውም የታሪኩ አካል ነው።

የሃሪ ፖተር መንደር

ሃሪ ፖተር እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የጻፈችው የሰባት መጻሕፍት ታሪክ ሲሆን ዋርነር ብራዘርስ በስምንት ፊልሞች ሠርቶታል። ታሪኩ ሆግዋርትስ በተባለ የአስማት ትምህርት ቤት ስለሚማር ልጅ ነው። በኦርላንዶው «አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር» ፓርክ የተሠራው የመጀመሪያው መንደር የሆግዋርትስን ግንብና ከሥሩ ያለችውን ሆግስሚድ የተባለች መንደር ያሳያል። የቤቶቹ ጣሪያ ዓመቱን በሙሉ በረዶ የለበሰ ነው፤ በፍሎሪዳ ሙቀት ላብ እየጠረጉ ይህን ማየት ትንሽ ያስቃል፣ ማንም ግን ቅር ሲሰኝ አይታይም።

የመንደሩ አሳማኝነት ምክንያት አለው። የፊልሞቹን ትዕይንት ንድፍ የሠራው ስቱዋርት ክሬግ በፓርኩ ንድፍም ተሳትፏል። ሱቆቹ እንደ ፊልሙ ጠባብና የተጨናነቁ ናቸው። ኮካ ኮላ አይሸጥም፤ በምትኩ የዱባ ጭማቂና በመጽሐፉ የተጠቀሰው አልኮል የሌለበት «በተርቢር» ይሸጣል። አንድ ፓርክ በዓለም ላይ በጣም የሚሸጠውን ለስላሳ መጠጥ ከመደርደሪያው ማውጣቱ ኪሳራ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በተርቢር ራሱ ሰዎች ተሰልፈው የሚገዙት ነገር ሆነ።

በግንቡ ውስጥ ያለው ዋናው መጫወቻ የሚሠራው ኩካ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሚያመርታቸው የሮቦት ክንዶች ነው። አራት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር በክንዱ ጫፍ ላይ ይታሰርና ክንዱ ራሱ በሐዲድ ላይ እየሄደ ወንበሩን ያዘነብላል፣ ያሽከረክራል። ይህ ዓይነት ክንድ በተለምዶ በመኪና ፋብሪካ ውስጥ ብረት የሚያነሳና የሚበይድ ነው።

ጁላይ 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ክፍል፣ ዳያጎን አሊ፣ ከጎን ባለው «ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳ» ተከፈተ። የተሠራው ቀድሞ «ጆውስ» የተባለው የሻርክ መጫወቻ በነበረበት ቦታ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሆግዋርትስ ባቡር ያገናኛቸዋል። ባቡሩ ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ለመሳፈር የሁለቱም ፓርኮች ትኬት ያስፈልጋል። ታሪኩን የወደደ ሰው ባቡሩን ሳይሳፈር መመለስ ስለማይፈልግ ኩባንያው በአንድ ባቡር ሁለት ትኬት ይሸጣል። ከመንደሩ የንግድ ዘዴዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሃሪ ፖተር መንደር ከዚያ በኋላ በጃፓን ኦሳካ (2014)፣ በሆሊውድ (2016) እና በቤይጂንግ (2021) ተሠርቷል። ሜይ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በኦርላንዶ በተከፈተው «ኤፒክ ዩኒቨርስ» ፓርክ ውስጥም የአስማት ሚኒስቴርን የሚያሳይ ሌላ ክፍል አለ።

የዲዝኒ ምላሽ

የሃሪ ፖተር መንደር ውጤት ለዲዝኒ ቀላል ነገር አልነበረም። የአይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ዓመታዊ ጎብኚ በ2009 እ.ኤ.አ. 4.6 ሚሊዮን ያህል የነበረ ሲሆን በ2011 ወደ 7.7 ሚሊዮን ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች የመዝናኛ ኢንዱስትሪው ማኅበር ከኤኮም ኩባንያ ጋር ያወጣቸው ግምቶች ናቸው፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ቁጥሩን አይገልጹም።

ዲዝኒ ሴፕቴምበር 2011 ላይ የጄምስ ካሜሮንን «አቫታር» ፊልም መንደር እንደሚሠራ አስታወቀ። ይህ መንደር፣ «ፓንዶራ»፣ የተከፈተው ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ በካሊፎርኒያ የ«ካርስ» ፊልም መንደር በ2012 ተከፍቶ ደካማ የነበረውን የካሊፎርኒያ አድቬንቸር ፓርክ አነቃቅቶታል። ፓንዶራ አንድ ትምህርት ሰጥቷል፦ ስሙ የሚታወስ ገጸ ባሕርይ የሌለው ፊልም እንኳ፣ የሚታየው ተራራና የሚበራው ደን ካማረ ሕዝብ ይጠራል።

ኦክቶበር 2012 ላይ ዲዝኒ የስታር ዋርስ ባለቤት የሆነውን ሉካስፊልምን በ4.05 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ኦገስት 2015 ላይም የስታር ዋርስ መንደር በሁለቱም የአሜሪካ ይዞታዎቹ እንደሚሠራ ገለጸ።

ጋላክሲስ ኤጅ

እያንዳንዱ ጋላክሲስ ኤጅ 14 ኤከር፣ ማለትም 5.7 ሄክታር ገደማ ስፋት አለው፤ ይህ ስምንት ያህል የእግር ኳስ ሜዳ ነው። ቦታው ባቱ በተባለች ፕላኔት ላይ ያለ የነጋዴዎችና የኮንትሮባንዲስቶች ከተማ ነው። ባቱ ለፓርኩ ተብላ የተፈጠረች ናት። በመካከሉ ከ30 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ በፊልሙ የሚታወቀው መንኮራኩር ሚሌኒየም ፋልከን በሙሉ መጠኑ ቆሟል።

ዲዝኒ በዝርዝሩ በጣም ርቆ ሄዷል። ሠራተኞቹ ሰላምታ የሚሰጡት በባቱ አነጋገር ነው። የሱቅ ምልክቶች የተጻፉት በፊልሞቹ ውስጥ ባለ ፊደል ሲሆን ጎብኚው በስልኩ መተግበሪያ ይተረጉመዋል። ኮካ ኮላ እዚህ ይሸጣል፣ ግን በዚያው ፊደል በተጻፈበት ድቡልቡል ጠርሙስ። ጠርሙሱ የእጅ ቦምብ ስለሚመስል የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኦገስት 2019 ላይ መጀመሪያ ከለከለው፣ ቀጥሎ ፈቀደው።

ታሪኩ የተቀመጠው በመጨረሻዎቹ ፊልሞች ዘመን ነበር። ስለዚህ ጎብኚው ሬይንና ካይሎ ሬንን ያገኝ ነበር፤ ሉክ ስካይዎከርንና ዳርዝ ቬደርን ግን አያገኝም ነበር። በጎዳናውም የጆን ዊልያምስ ታዋቂ ሙዚቃ ሳይሆን የገበያና የሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐሳቡ ወጥ ነበር፤ በእውነተኛ ከተማ ውስጥ የፊልም ሙዚቃ አይሰማምና። ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ዳርዝ ቬደርን የሚያውቅ ሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ መጥቶ ሲያጣው ቅር መሰኘቱ አይቀርም ነበር። በሆግስሚድ ጎዳና የፊልሙ ሙዚቃ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል፤ ማንም ስለ ወጥነቱ አይጠይቅም።

በትርና ሰይፍ፦ የቴክኖሎጂው ልዩነት

በሃሪ ፖተር መንደር ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት የአስማት በትር በውስጡ ባትሪም ሆነ ኤሌክትሮኒክስ አልነበረውም። ጫፉ ላይ ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልስ ትንሽ አንጸባራቂ ነበር። በየሱቁ መስኮት የተደበቀ መሣሪያ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ካሜራው ከበትሩ ጫፍ የሚመለሰውን ነጥብ ይከታተላል፤ ኮምፒዩተሩ ነጥቡ የሳለውን ቅርጽ ካወቀው ውኃው ይፈሳል ወይም አሻንጉሊቱ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ውድ ነገር ግድግዳው ውስጥ ነበር፤ በልጁ እጅ ያለው እንጨት የሚመስል ዘንግ ብቻ ነበር።

በጋላክሲስ ኤጅ ዋናው ማስታወሻ ዕቃ ጎብኚው ራሱ መርጦ የሚገጣጥመው የብርሃን ሰይፍ ነው፤ ሲከፈት ዋጋው 200 ዶላር ያህል ነበር። ሰይፉ ያምራል፣ ይጮኻል፣ ነገር ግን በመንደሩ ውስጥ ምንም ነገር አይቀይርም። በትሩ ግን መንደሩን ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ የገዛው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ከንድፍ አንጻር ሲታይ ርካሹ መሣሪያ የተሻለ መልስ ሰጥቷል።

በመጫወቻዎቹ በኩል ግን ዲዝኒ ወደ ኋላ አልቀረም። በሚሌኒየም ፋልከን ውስጥ ስድስት ሰዎች፣ ሁለት አብራሪ፣ ሁለት ተኳሽና ሁለት መካኒክ ሆነው መንኮራኩሩን ይነዳሉ። በመስኮቱ የሚታየው አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም አይደለም፤ ለቪዲዮ ጌም በተሠራው አንሪል ኢንጂን አማካይነት በዚያው ቅጽበት የሚሣል ነው። አብራሪው ከተጋጨ ግጭቱ ይታያል። ከወራት በኋላ የተከፈተው «ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ» ደግሞ ሐዲድ በሌላቸው ተሽከርካሪዎች ይሠራል፤ ወረፋው ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው፣ ጎብኚው ይማረካል፣ ይመረመራል፣ ያመልጣል።

ውጤቱና ክርክሩ

ጋላክሲስ ኤጅ ሲከፈት ከፍተኛ ግርግር ተጠብቆ ነበር። በካሊፎርኒያ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ቀጠሮ መግባት አይቻልም ነበር፤ ቆይታውም በአራት ሰዓት ተገደበ። የተጠበቀው ጎርፍ ግን አልመጣም። በ2019 እ.ኤ.አ. የዲዝኒላንድ ጎብኚ እንደ ቀደመው ዓመት 18.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ቀረ፤ በፍሎሪዳ ጭማሪው 2 በመቶ ያህል ነበር። በዚያው ጁን ወር ዩኒቨርሳል በሆግስሚድ የሃግሪድን ሮለር ኮስተር ሲከፍት በመጀመሪያው ቀን ወረፋው እስከ 10 ሰዓት ደረሰ።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ዲዝኒ ተሸነፈ ይላሉ። ንጽጽሩ ግን ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር በ2009 ቦታ የተረፈው ፓርክ ነበር፤ ዲዝኒላንድ ቀድሞውንም የሞላ ነው። የካሊፎርኒያው መንደር ሲከፈት ከሁለቱ መጫወቻዎች አንዱ ብቻ ነበር የደረሰው፤ ሁለተኛው ጃኑዋሪ 17 ቀን 2020 ሥራ ጀምሮ ሁለት ወር ሳይሞላው ፓርኩ በኮሮና ወረርሽኝ ተዘጋ። እንግዲህ ሙሉው መንደር በመደበኛ ዓመት ምን ያህል ሰው እንደሚስብ የታየበት የመጀመሪያ ዓመት የለም።

ግልጽ ውድቀት የሚባለው ሌላ ነው። በፍሎሪዳ ማርች 2022 የተከፈተው የስታር ዋርስ ሆቴል፣ «ጋላክቲክ ስታርክሩዘር»፣ እንግዳውን ለሁለት ሌሊት በመንኮራኩር ውስጥ እንዳለ አድርጎ ያስተናግድ ነበር። ዋጋው ለሁለት ሰው 4,800 ዶላር ገደማ ነበር። ሴፕቴምበር 2023 ላይ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል ትንሽ አልፎ፣ ተዘጋ።

ዲዝኒ ከዚያ ወዲህ ወጥነቱን አላልቷል። በካሊፎርኒያ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የዘመን ቅደም ተከተሉን ጥሰው ማንዳሎሪያንና ግሮጉ በጎዳናው ይታያሉ፤ ቀጥሎም የድሮዎቹ ፊልሞች ጀግኖች በዚያው መንደር እንደሚገቡ ኩባንያው አስታውቋል። ይህ ወደ ዩኒቨርሳል መንገድ መቅረብ ነው።

በኢትዮጵያና በአቅራቢያዋ

በኢትዮጵያ በአንድ ፊልም ላይ የተመሠረተ የመዝናኛ መንደር የለም። ከአዲስ አበባ በሳሪስ አቦና በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ ኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ ያደርሳል፤ እዚያ ያለው መንሸራተቻና ገንዳ እንጂ ታሪክ አይደለም። ጎብኚን ወደ አንድ ታሪክ በማስገባት ረገድ ቅርብ የሚሆነው በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው። እዚያ ጎብኚው በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ውስጥ ይቆማል። ልዩነቱ አዳራሹ የተሠራ ማስመሰያ ሳይሆን ራሱ ዋናው መሆኑ ነው።

ከኢትዮጵያ በቅርብ የሚገኙት የፊልም ፓርኮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ በሚኖሩባቸው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ናቸው። በዱባይ «ሞሽንጌት» በ2016፣ በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት «ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ» በ2018 እ.ኤ.አ. ተከፍተዋል። በዚሁ በዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ውስጥ የሃሪ ፖተር መንደር እንደሚሠራ በ2022 ተገልጿል። ሜይ 7 ቀን 2025 ደግሞ ዲዝኒ በዚያው በያስ ደሴት ፓርክ እንደሚኖረው አስታወቀ። የሁለቱም ሥራ የሚራል ኩባንያ ነው፤ በኦርላንዶ የሚፎካከሩት የሃሪ ፖተርና የዲዝኒ ስሞች በያስ ደሴት በአንድ ገንቢ እጅ ይሠራሉ ማለት ነው።