አንዲት ስፔስ ያመጣችው መዘዝ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መጨረሻ ላይ የምጠይቀው ይቅርታ አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን የዩኒክስ እትም ሲያወጡ ሼል የሚባል ፕሮግራም አብሮት ነበር። የሼል ሥራ ምንድነው? ሰው በኪቦርድ የጻፈውን መስመር ይቀበላል፣ ስፔስ ባገኘበት ሁሉ ይቆርጠዋል፣ የመጀመሪያውን ቃል ትእዛዝ፣ የቀሩትን አርጉመንት ያደርጋል። በቃ።

ልብ በሉ፣ ከሥር ያለው ከርነል ግን እንዲህ አይሠራም። እሱ የሚቀበለው አስቀድሞ ተለያይቶ የመጣ ዝርዝር ነው፤ አንደኛ ይሄ፣ ሁለተኛ ይሄ፣ ሦስተኛ ይሄ። ስሙ ውስጥ ስፔስ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። የሚቆራርጠው ሼሉ ነው።

ሰው ራሱ ሲጽፍ ብዙም አያስቸግርም። ስፔስ ያለበት ስም ከገጠመው በትእምርተ ጥቅስ ያጥረዋል። ነገር የተበላሸው ፕሮግራም በሰው ፋንታ ሼሉን ማዘዝ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ የስቲቨን ቦርንን ሼል ይዞ መጣ። እዚያው ላይ የሲ ቋንቋ «ሲስተም» የሚባል ፈንክሽን ነበረው። አንድ ጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ እንዳለ ለሼሉ ያቀብለዋል። ምቹ ነው፤ ስለዚህ ፐርልም፣ ፒኤችፒም፣ ፓይተንም ወረሱት። የቁርጥራጩ ጣጣም አብሮ ተወረሰ።

ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል በ2001 ታየ። አፕል በኅዳር ወር አይቲዩንስ 2ን ለማክ ሲያወጣ፣ የመጫኛው ስክሪፕት የድሮውን አይቲዩንስ የሚያጠፋበት መስመር ላይ የዲስኩ ስም በትእምርተ ጥቅስ አልታጠረም ነበር። ስሙ ውስጥ ስፔስ ያለበት ዲስክ የነበራቸው ሰዎች ፋይላቸው ጠፋባቸው። አፕል ወዲያው መልሶ ሰበሰበውና 2.0.1 ብሎ አስተካክሎ አወጣ። ጥፋቱ እኮ የሁለት ምልክት ጉድለት ነው!

ይሄ እንግዲህ ማንም ክፉ ሳያስብ የመጣ ነው። ክፉ የሚያስብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ለሼል ሰሚኮለን ማለት «ይሄን ጨርስና ቀጣዩን ሥራ» ማለት ነው። ዌብሳይት ላይ «ስም ያስገቡ» በሚል ሳጥን ውስጥ አንዱ ሰሚኮለን ጽፎ ከኋላው የራሱን ትእዛዝ ቢያስከትል፣ ፕሮግራሙም ያንን ሳይመረምር ለሼሉ ካቀበለ፣ ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ሰው ይታዘዛል። ኮማንድ ኢንጀክሽን የሚሉት ይሄንን ነው።

መፍትሔው ግን ከመጀመሪያውም ከርነሉ ጋ ነበር፤ ዝርዝር መስጠት። ፓይተን በ2004፣ በ2.4 እትሙ «ሰብፕሮሰስ» የተባለውን ሞጁል አመጣ። ትእዛዙንና አርጉመንቶቹን ለየብቻ በሊስት ስትሰጡት ሼሉን ጭራሽ አይጠራም። የሚቆራርጥ ከሌለ የሚቆረጥ የለም።

እንዲያም ሆኖ ሁሉም አያልቅም። በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም ቢመጣ ትእዛዙ ራሱ እንደ አማራጭ ሊያየው ይችላል፤ ለዚህ ነው ከስሙ በፊት ሁለት ሰረዝ የሚቀመጠው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፕሮግራሞች የሚደርሳቸው ዝርዝር ሳይሆን አንድ ረጅም መስመር ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይቆራርጠዋል። ጥንቁቅ ነው የሚባለው የረስት ቋንቋ እንኳ በሚያዝያ 2024 የዊንዶውስ ባች ፋይሎችን ሲያስነሳ አርጉመንቶቹን በትክክል እንደማያጥር ተገኝቶ 1.77.2ን ለማውጣት ተገዷል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላብ ውስጥ የለቀቁ ተማሪዎችን ፎልደር የሚያጠፋ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። ስሞቹን ከዝርዝር እያነበበ፣ ከማጥፊያው ትእዛዝ ጋር በመደመር ምልክት እየገጣጠመ፣ ለ«ሲስተም» ይሰጣል። እኛ አገር ስም ማለት የራስና የአባት ነው፤ መሃሉ ላይ ስፔስ አለ። ከለቀቁት አንዷን ሄለን ታደሰ እንበላት። ሌላ፣ ያልለቀቀች ተማሪ ደግሞ ፎልደሯን «ሄለን» ብቻ ብላዋለች። ሼሉ ስሙን ለሁለት ቆረጠው፤ «ሄለን»ን አጠፋ፣ «ታደሰ የሚባል የለም» ብሎ አለፈ። መልእክቱን እንኳ አላነበብኩትም።

በማግስቱ ልጅቷ «ቲቸር፣ ፎልደሬ የለም» አለችኝ። የሴሚስተር ፕሮጀክቷ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ገብቶኛል። ግን ክፍሉ ፊት «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ተማሪዎቹ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ፍላሽ የሰካውን ልጅ ጠረጠሩት። ዝም አልኩ። እሷ ፕሮጀክቷን እንደ አዲስ ሠራች፤ እሱ ደግሞ እስኪጨርስ ድረስ «ቫይረሱ» እየተባለ ተጠራ።

ሁለታችሁም እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቫይረስ አልነበረም። እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለሌሎቻችሁ፣ በተለይ አሁን ኮድ ለምትጽፉ ልጆቼ፦ ከሰው የመጣን ስም ከትእዛዝ ጋር አትደምሩ፣ በሊስት ስጡ። ከማጥፋታችሁ በፊት የሚጠፋውን ዝርዝር አሳትማችሁ እዩ። ስህተት ስትሠሩ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ ዘግይቻለሁ።