እጀታ፦ ዕቃው ቦታ ሲለውጥ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጉጌ ተራራ ሲወጣ የሚገኘው የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ ይሠራል። ምስጥ ከግርጌው ሲበላው ወይም ባለቤቱ ሲፈልግ፣ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ያነሳና ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። «ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ተብሎ የተላከ እንግዳ ባዶ መሬት ይጠብቀዋል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ሃንድል» የሚሉትን ነገር የሚያስፈልግ ያደረገው ይኸው ችግር ነው።

አብዛኛው ሰው ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያሠራው በሲ ቋንቋ በተጻፈው አስተርጓሚ፣ በሲፓይተን ነው። ፍጥነት የሚጠይቀው ሥራ እንደ ነምፓይ ላሉ፣ እምብርታቸው በሲ ተጽፎ ወደ ማሽን ቋንቋ ለተለወጠ ቅጥያዎች ይተዋል። እነዚህ ቅጥያዎች የሲፓይተንን ገመና ያውቃሉ፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዕቃ) በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ የተቀመጠበትን አድራሻ ይይዛሉ፣ ስንት ተጠቃሚ እንዳለውም አብረው ይቆጥራሉ። ሲፓይተን ውስጥ ኦብጀክት ከተፈጠረበት ንቅንቅ ስለማይል ይህ አያስቸግርም።

ፓይፓይ ሌላ አስተርጓሚ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚደጋገመውን ክፍል ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚለውጥ፣ በንጹሕ ፓይተን በተጻፈ ረጅም ዑደት ላይ ብዙ ጊዜ ሲፓይተንን ጥሎት ይሄዳል። የአማርኛ ቃላትን የሚተነትነው የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ይህን የመሰለ ሥራ ከፓይፓይ የሚጠቀምበት ዕድል ሰፊ ነው። ፓይፓይ ግን ተጠቃሚ አይቆጥርም፤ አዲስ ኦብጀክቶችን አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ፈጥሮ የተረፉትን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። አድራሻ ይዞ የቆየ ቅጥያ ያን ጊዜ ሜዳ ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው መፍትሔ ሲፓይኤክስት ይባላል። ወደ ሲ ለሚሻገር ኦብጀክት ሁሉ ከቦታው የማይነቃነቅ ምትክ ያቆማል፤ ለቅጥያው ሲል ቆጠራውንም ያስመስላል። ነምፓይና ፓንዳስ የተባለው ሌላ ቅጥያ በ2017 በፓይፓይ ላይ መሥራት የቻሉት በዚህ ነው። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። መሻገሪያው አዝጋሚ ስለሆነ፣ የነምፓይን ቁጥሮች አንድ በአንድ የሚጠራ ሰው ፍጥነት ፈልጎ መጥቶ ከሲፓይተን ኋላ ሊቀር ይችላል።

በ2019 ባዝል ላይ በተካሄደው የአውሮፓ የፓይተን ጉባኤ የተጠነሰሰው ኤችፓይ ማስመሰሉን ትቶ በአስተርጓሚውና በቅጥያው መካከል ያለውን ውል ራሱን ለወጠ። ለቅጥያው አድራሻ አይሰጥም፤ ሃንድል ይሰጣል፤ ይህም አስተርጓሚው በመዝገቡ ከኦብጀክቱ ጋር ያያያዘው ምልክት ነው። ኦብጀክቱ የትም ቢዛወር መዝገቡን የሚያስተካክለው አስተርጓሚው ነው።

ሃንድልን በአማርኛ «እጀታ» እለዋለሁ። «መያዣ» ባንክ ቤት ሌላ ነገር ስለሆነ ያደናግራል። አጠቃቀሙም፦ «ቅጥያው እጀታውን ሳይዘጋ ወጣ።» እጀታ የከፈተ መዝጋት አለበትና፤ ኤችፓይም ሳይዘጉ የቀሩትን አድኖ የሚያሳይበት ስልት አለው። አንድ ኦብጀክት ሁለት እጀታ ሊኖረው ስለሚችል፣ እጀታዎቹ መለያየታቸው ኦብጀክቶቹ የተለያዩ ናቸው አያሰኝም፤ አስተርጓሚውን መጠየቅ ግድ ነው። በዚህ ውል የተጻፈ ቅጥያ አንዴ ወደ ማሽን ቋንቋ ከተለወጠ በሲፓይተን፣ በፓይፓይና ግራልፓይ በተባለው ሌላ አስተርጓሚ ያው ፋይል እንዲሠራ ታስቧል። ለዓመታት የተከማቸውን የሲ ቅጥያ በአዲሱ ውል መልሶ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።