ናፕዊድን «አረም» አንበለው

የእንግሊዝኛ የዕፅ ስም መጨረሻው «ዊድ» ከሆነ በአማርኛ «አረም» ብሎ መገላገል ልማድ እየሆነ ነው። በዚህ አካሄድ ናፕዊድም «ናፕ አረም» ይባላል፤ ግማሹ ሳይተረጎም፣ ግማሹ ያለ አግባቡ ተተርጉሞ። ዕፁ በእንግሊዝ አገር በመስክና በመንገድ ዳር የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባው ንብና ቢራቢሮ የሚስብ፣ አትክልተኞችም ወደው የሚዘሩት ነው። አማርኛው «አረመ» ግን ከአዝመራ መካከል ነቅሎ መጣል ነው፤ ስሕተት ማቃናትንም የምንገልጸው በዚሁ ግሥ ሲሆን «እርማት» እና «አራሚ» ከዚያው ወጥተዋል። አንድን ዕፅ አረም ስንል ይነቀል ብለን ፈርደናል ማለት ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊድ» ሣርንም ቅጠላቅጠልንም ይጠራ ስለነበር ይህን ያህል ፍርድ አልተሸከመም። «ናፕ» ደግሞ «ኖፕ» ከሚል አሮጌ ቃል የመጣ ነው፤ ጉብ ያለ ነገር፣ እንቡጥ ማለት ነው። ስያሜው የተነሣው ከእንቡጡ ሆኖ ሳለ የእኛ ትርጉም እንቡጡን ጥሎ «ዊድ»ን ብቻ ማንሣቱ ያሳዝናል።

ሌሎች አማራጮች አሉ፤ ሁለቱ በቁም ነገር ሊታዩ ይገባል። አንደኛው «አሜከላ» ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ከእሾህ ጋር ተጣምሮ የሚገኘው ይህ ቃል በዕብራይስጡ «ዳርዳር» ነው፤ የዛሬው ዕብራይስጥ ደግሞ ናፕዊድ ያለበትን የሴንቶሪያ ወገን በሙሉ በዚሁ ስም ይጠራል። በእስራኤል ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ዝምድናው ግልጽ ነው፤ እዚያ ከሚበቅሉት የሴንቶሪያ ዓይነቶች መካከል ሹል እሾህ ያላቸው አሉና። የእንግሊዙ ናፕዊድ ግን እሾህ የለውም፤ ከእሾሃማ ዘመዶቹ የሚለየውም አንዱ በዚህ ነው። «አሜከላ» ለእሾሃሞቹ ይቆይ። ሁለተኛው «የዱር ሱፍ» ነው። ዘይቱን የምናውቀው ሱፍ የናፕዊድ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ሐሳቡ መሠረት አለው። ሆኖም ሱፍ ራሱ የዱር ዘመዶች አሉት፤ ፀሐይ ተከታዩንም «የሱፍ አበባ» እንለዋለን። በዚህ ላይ ሌላ ሱፍ መጨመር ማምታታት ነው።

እኔ የምመርጠው «እንቡጠ ደንዳና» የሚለውን ነው። አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ «ራሰ በራ»፣ «ልበ ቀና» እንደምንለው ነው። ዕፁን ለይቶ ለማወቅም የሚመራው ወደ እንቡጡ ነው። አበባውን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ድቡልቡል መመልከት ይበቃል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ትንንሽ ቅጠሎች ተሸፍኗል። በትልቁ ናፕዊድ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኔየስ በ1753 ሴንቶሪያ ስካቢዮሳ ባለው፣ የእያንዳንዱ ቅርፊት ጠርዝ ጥቁር ቡናማ ዘርፍ ሲኖረው በመካከሉ አረንጓዴው ይታያል፤ ቅጠሉም በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው። በጥቁሩ ናፕዊድ፣ በሴንቶሪያ ኒግራ፣ ዘርፎቹ ተደራርበው አረንጓዴውን ስለሚሸፍኑት እንቡጡ የጠቆረ ይመስላል፤ ቅጠሉ ደግሞ አይሰነጣጠቅም፣ ቢሰነጣጠቅም ጥቂት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ጥቁሩን «ሃርድሄድስ»፣ ራሰ ጠንካራ፣ ማለታቸው ዓይናቸው የት እንዳረፈ ያሳያል።

«ደንዳና ስድብ ነው፤ ልበ ደንዳናን ያስታውሳል» የሚል ይኖራል። ስድቡ ያለው በልቡ ላይ እንጂ በደንዳናው ላይ አይደለም፤ ደንዳና ትከሻ፣ ደንዳና ግንድ ስንል እያመሰገንን ነው። «የላቲኑ ስም ይበቃል» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የላቲኑ ስም ስሕተት ስለሚከላከል ከአማርኛው አጠገብ መጻፍ አለበት። ይሁን እንጂ ገበሬዎቻችን የማሽላን ሥር የሚመጥጠውን ዕፅ «አቀንጭራ» ያሉት ሰብሉን ሲያቀነጭር አይተው ነው፤ ስሙን የሰማ ጉዳቱንም ያውቃል። ላቲኑ ይህን አያደርግልንም። አማርኛ በማየት የመሰየም ችሎታውን ለአገሩ ዕፅ ብቻ የሚያውልበት ምክንያት አይታየኝም፤ በለንደን ጓሮ የሚያለማ አማርኛ ተናጋሪም በቋንቋው ሊጠራው የሚገባ አበባ አለው።

አበቃቀሉ ብዙ አያስቸግርም። ትልቁ እንቡጠ ደንዳና ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥር፣ በተለይም ኖራ ያለበት አፈር ይወዳል፤ ጥቁሩ በአፈር ያን ያህል አይመርጥም። ዘሩ በመከር ወይም በጸደይ ይዘራል። ትልቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ሥር ስላለው አድጎ ሳለ ነቅሎ ማዛወር ይጎዳዋል፤ ከመጀመሪያው በሚቆይበት ቦታ መዝራት ይሻላል። ደርቆ የቀረውን ራስ ቶሎ አለመቁረጥም መልካም ነው፤ ዘር ለቃሚ ወፎች ይመገቡታል። በሰሜን አሜሪካ ላለ አንባቢ ግን ነገሩ ይለያል። ከአውሮፓ ሄዶ እዚያ የተስፋፋው ነጠብጣባሙ ናፕዊድ፣ ሴንቶሪያ ስቶይቤ፣ የግጦሽ መሬት ስለሚያበላሽ በብዙ ምዕራባዊ ግዛቶች በሕግ ጎጂ አረም ተብሏል። እዚያ «አረም» ትክክለኛ ቃል ነው፤ ዘሩን ከመግዛት በፊትም የትኛው ዓይነት እንደሆነና በግዛቱ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።