መንገዱ ሲዞር፦ የይፋት ነጋዴ ከአልዩ አምባ እስከ አጣዬ

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ለዛሬ ያሰብኩት ርዕስ ሌላ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጁምዐ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጊዱ በር ላይ ጠብቆ ያቀረበልኝ ጥያቄ ሐሳቤን አስቀየረኝ። ልጁ የአጣዬ ልጅ ነው፤ የልብስ ሱቅ ነበረው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተማችን ስትቃጠል ሱቁ ከነዕቃው አመድ ሆነ። ተበድሮ እንደገና ጀመረ፤ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ራሱ ደረሰ። እንደገና ጀመረ፤ በጥር 2015 ከተማዋ ዳግመኛ እሳት አየች።

«ሸኽዬ፣» አለኝ፣ «ሦስት ጊዜ ከባዶ ተነሥቻለሁ። አራተኛ ልነሣ ወይስ እንደ ጓደኞቼ በጅቡቲ አድርጌ ባሕሩን ልሻገር? ምናልባት አላህ ያልጻፈልኝን ሪዝቅ ይሆናል የምታገለው።»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ሱቅ የተቃጠለበትን ሰው በሁለት ቃል «አብሽር» ብሎ መሸኘት ይቀላል፤ ነገር ግን ሐቁ አይደለም። «በሚቀጥለው ዝግጅት ሬዲዮህን ክፈት፣ እዚያ እንገናኝ» አልኩት። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ለእሱና መሰል ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ለተቀመጡ ሁሉ ነው።

በየከተማው አዳራሽ ተከራይተው «አዎንታዊ አስተሳሰብ» የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ዓይንህን ጨፍን፣ ራስህን በመኪና ውስጥ ተመልከት ይላሉ። በጎ ማሰብን አልነቅፍም፤ በአላህ ላይ መልካም ግምት መያዝ የእምነታችን ክፍል ነው። ግን አያቶቻችን የነገን ንግድ ያዩት ዓይናቸውን ጨፍነው አልነበረም። መንገዱን፣ ግመሉን፣ የገዢውን እጅ እያዩ ነበር። እስቲ ወደ እነሱ እንሂድ።

ይህ የምንኖርበት ቆላ ጥንት ስሙ ኢፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ገልብጦ የወላስማን ሥርወ መንግሥት ኃይል እዚህ አጸና። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ኢፋትን ነው። የባሕር በሩ ዘይላ ነበር። ከደጋው የሚወርደውና ከባሕሩ የሚወጣው ዕቃ የሚገናኝበት ወገብ ይህ ቆላ ነበር ማለት ነው። በይፋት ተራሮች ላይ እንደ ኖራ፣ አስበሪና በሪ ኢፋት ያሉ ፍርስራሾች አሉ። የመስጊድ ግድግዳ፣ የድንጋይ ቤት፣ የሱልጣኖች መቃብር ይታይባቸዋል። ከጦርነቶቹ በኋላ የሙስሊሙ መንግሥት ማዕከል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደከር፣ በኋላም ወደ ሐረር ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ሄደ፤ ነጋዴው ግን ከዚህ ቆላ አልጠፋም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

አሁን አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘለን ወደ አልዩ አምባ እንምጣ። አልዩ አምባ ከአንኮበር ደጋ በታች፣ ወደ ቆላው በሚወርደው አምባ ላይ ያለች ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መንግሥት መቀመጫ አንኮበር ስትሆን፣ የሸዋ ኪስ ግን አልዩ አምባ ነበረች። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በኬላው በፋሬ በኩል ወደዚህ ይወጣል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 በዚሁ መንገድ ሲመጣ ጉዞው ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶበታል። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ፣ በዚያ በረሃ! የኛ ሰዎች ግን ይህንን መንገድ የዕለት እንጀራቸው አድርገውት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው አልዩ አምባ ቤት ይዞ የተቀመጠው ቻርልስ ጆንስተን የጻፈው መጽሐፍም የገበያዋን ኑሮ ከቅርብ ያሳያል።

ገበያዋን በሐሳባችሁ ተመልከቱ። አርጎባው ሸማኔና ነጋዴ አለ፣ የሐረር ሰው አለ፣ አፋሩ ግመሉን አስሮ ቆሟል፣ የደጋው ገበሬ እህሉን ጭኖ ወርዷል። ጨው ይመጣል፤ አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነው። ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ይገባል፤ ከመሀል አገር የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል። በዚያ ገበያ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚነግድ ሰው ግማሽ ነጋዴ ነው። አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ዐረብኛ፤ ነጋዴው እንደ ደንበኛው ምላሱን ይለውጥ ነበር። «ራስን መለወጥ» ስንል ከዚህ የበለጠ ምን አለ? የሌላውን ሰው ቋንቋ በአርባ ዓመት ዕድሜ መማር ኩራትን መዋጥ ይጠይቃል።

ስለ ታሪካችን ስንናገር ግን መልካሙን ብቻ መርጠን አናውራ። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጧል። ከአልዩ አምባ አጠገብ የነበረችው የዐብዱል ረሱል ገበያ የታወቀችው በባሪያ ንግድ ነው። የጊዜው ልማድ ነበር ብለን ልናልፈው አይገባም። ትርፍ ስላለው ብቻ ወደፊት ያለው ንግድ እንዳልሆነ ጊዜ ራሱ አሳይቷል።

አሁን ቡናን ልብ በሉ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ተደርጎ ይታይ ስለነበር አይጠጡትም ነበር። እንግዲህ ከሐረር በኩል ቡና የሚያመጣ ነጋዴ ከፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ ሕዝብ የማይነካውን ዕቃ ይዞ ነው የተቀመጠው። ዛሬ አንድ የገበያ አማካሪ ቢጠየቅ «ተወው፣ ሌላ ያዝ» ይለው ነበር። አልተወውም። ዘመኑ ተለወጠ፤ ወደ 1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና የሚጠጡ ሆኑና የሸዋው አመለካከት ላላ። ዛሬ ቡና ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው፤ የማይፈላበት ቤትም የለም። ያ ነጋዴ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ዐውቆ ነበር አልልም፤ ከአላህ በቀር ሩቁን ማንም አያውቅም። ግን የሰው ልማድ ድንጋይ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ጎረቤቱን ሳይሰድብ፣ ዕቃውን ሳያበላሽ ጠበቀ።

አልዩ አምባን የገደላት እሳት አይደለም። መንገዱ ነው የዞረው። እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ የመንግሥቱ ልብ ከአንኮበር ራቀ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ስድስት ሳምንት በግመል የሚጓዘው ሸቀጥ በቀናት ውስጥ በሐዲድ ከተማ ይገባ ጀመር። የግመሉ መንገድ በአንድ ቀን አልሞተም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሳሳ ሄደ እንጂ። እንዲህ ያለው ሞት ከእሳት ይከፋል ብል አትፍረዱብኝ። እሳት ያስጮኻል፣ ጎረቤት ይጠራል። ገበያ ሲሳሳ ግን ነጋዴው «የዛሬ ሳምንት ይሻላል» እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል። አልዩ አምባ ዛሬ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት።

የነቃው ግን ተነሣ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በያዘበት ጊዜ ለጦሩ ሲል የደሴን መንገድ ሠራ፤ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ወደ ቆላው አወረደው። ወራሪው ለራሱ ጥቅም የሠራው መንገድ ነው፤ አናመሰግነውም። ነገር ግን አሁን መኪናው የሚያልፈው በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ ሆነ። የአርጎባና የይፋት ነጋዴ ከአምባው ወርዶ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈተ። ግመሉን በመኪና፣ አሞሌውን በብር፣ ሲራራውን በጭነት ሒሳብ ለወጠ። ከእኛ ጥቂት ርቆ ያለው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ዛሬም አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን ያገናኛል። ያ የአልዩ አምባ ገበያ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የከፈልነውም ዋጋ አለ፤ በብዙ ቦታ አርጎብኛን የሚናገር ሰው ሳስቷል። ምላስን መለወጥ ስናወድስ የእናትን ቋንቋ ጥሎ መሄድ ማለታችን አይደለም።

ከቅርቡ ደግሞ ማሾን ተመልከቱ። ዝናብ ያጠረበትን ቆላ የሚችል፣ ቶሎ የሚደርስ ሰብል ነው። ድሮ ከምግባችን ብዙ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ የሰሜን ሸዋ ቆላ ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተገበያይቶ ባሕር ይሻገራል። እኛ ብዙም የማንበላውን ሩቅ አገር ያለ ሰው እንደሚበላው የገባው ገበሬና ነጋዴ የቡናውን ነጋዴ ሥራ ነው የደገመው።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ እህል ነጋዴ ነበሩ። በ2013ቱ ቃጠሎ ከእህሉ ጋር የዱቤ ደብተራቸውም ነደደ። ያ ደብተር ብዙ ሰው ላይ ያላቸው ገንዘብ ነበር። ተስፋ ቆርጠው ዘመድ ቤት ተጠግተው ሳለ፣ ከቆላው አንድ አፋር ደንበኛ መጣና «የአንድ ኩንታል በቆሎ ዕዳ አለብኝ» ብሎ ገንዘቡን እጃቸው ላይ ቆጠረላቸው። ቀጥሎ አንድ ክርስቲያን ጎረቤት መጣ። ሁሉም አልመጣም፤ ያልመጡትም አሉ። አዲስ አበባ ያለው አከፋፋይ ግን በሃያ ዓመት አንድ ቀን ዋሽተውት ስለማያውቁ ያለ መያዣ ዕቃ ላከላቸው። ደብተሩ ነደደ፣ አማናው አልነደደም።

ይበልጥ የደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። እህል መልሰው አልያዙም። «ሰዉ ከተሰደደበት ሲመለስ መጀመሪያ ምን ያጣል?» ብለው አሰቡ። እርዳታ እህል ያመጣል፤ ድስት፣ ጀሪካን፣ ምስማርና የቆርቆሮ ማሰሪያ ግን አያመጣም። እነዚያን ያዙ። በዚያ ዕድሜያቸው የምስማር ቁጥር ተማሩ! ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩት ሕልም የለም። የሚመለሰውን ሰው እጅ ነው ያዩት።

ታላቁ ሶሐባ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሀብቱን መካ ጥሎ መዲና ሲገባ፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ግማሽ ንብረቱን ሊሰጠው አቀረበለት። እሱ ግን ዱዓ አድርጎለት የገበያውን መንገድ ብቻ ጠየቀ። የጀመረውም በአይብና በቅቤ ነው። መካ የነበረውን ንግድ መዲና ላይ እንዳለ ልትከል አላለም። ሪዝቅ የተጻፈ መሆኑን ከእሱ በላይ እናውቃለን የምንል ካለን እንንገረው።

አንተ ወንድሜ፣ አሁን ለአንተ ነው የምናገረው። መሄድ ሐራም ነው አላልኩህም፤ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ተጓዥ ነው። ያ ባሕር ግን ስንቱን ልጃችንን እንዳስቀረ ታውቃለህ፤ ደላላውም የሚሸጠው ዕቃ አንተው ነህ። ከአጣዬ መውጣት ካለብህ እንደ ነጋዴ ውጣ፤ ገበያው የት እንደሄደ ዐውቀህ። መቅረት ካለብህም የጠፋውን ሱቅ መልሰህ ለማቆም ብቻ አትቅር። የሦስቱም ጊዜ ጥያቄህ «ልጀምር ወይስ ልተው» ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ልብስ ነው የያዝከው። ሰላሙ የኔና የአንተ ሥራ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ነገም ሊዘጋ ይችላል። ይህን ሸፍኜ ተስፋ አልሸጥልህም። ለዚያም ነው በአንድ ቦታ የማይከማች፣ ቶሎ የሚዞር ዕቃ ምንድነው ብለን አብረን መጠየቅ ያለብን።

እሑድ ኢንሻአላህ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰንበቴ እወርዳለሁ። ከፈጅር በኋላ መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ። ገንዘብ አትያዝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ያዝ። ሰው ምን እየፈለገ አጥቶ እንደሚመለስ እየዞርን እንጽፋለን። እኚያን እናትም ነግሬያቸዋለሁ፤ አብረውን ይሄዳሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።