ፒሲኦኤስ፦ የብዝኀ ከረጢት እንቁልጢ ሕመም

ፒሲኦኤስ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም» የሚለው የሕክምና ስያሜ ምህጻር ነው። ኦቫሪ የሳይንስ መጻሕፍት እንቁልጢ የሚሉት፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ ያለው የእንቁላል መፍለቂያ ነው። ፖሊሲስቲክ ብዙ ከረጢት ያለው፣ ሲንድረም ደግሞ አብረው የሚመጡ ምልክቶች ጥርቅም ማለት ነው። በአማርኛ «የብዝኀ ከረጢት እንቁልጢ ሕመም» ልንለው እንችላለን። ታካሚዎች ግን አንዳንዴ «ሲስት አለብኝ»፣ አንዳንዴ «ሆርሞኔ ተዛብቷል» ይላሉ። ለእውነቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

በአልትራሳውንድ የሚታዩት ከረጢቶች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ያልበሰለ እንቁላል ያቀፉ ናቸው። በወትሮው ዑደት አንዱ አድጎ እንቁላሉን ይለቃል፤ በዚህ ሕመም ግን እድገታቸው መሃል ላይ ይቆማል።

ምክንያቱ የሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የተባሉ ሆርሞኖችን ትልካለች። የመጀመሪያው እንቁላሉን ያሳድጋል፤ ሁለተኛው እንቁልጢ አንድሮጅን እንዲያመርት ያዛል። አንድሮጅን በወንድ የሚበዛ፣ በሴትም በመጠኑ የሚገኝ ሆርሞን ነው። በብዙ ታማሚዎች ኤልኤች ከልክ ያልፋል። በዚያ ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። ትርፉ ኢንሱሊን እንቁልጢ ተጨማሪ አንድሮጅን እንዲሠራ ይገፋፋል፤ አንድሮጅንን አስሮ የሚይዘውን የጉበት ፕሮቲንም ይቀንሳል። ውፍረት ነገሩን ያባብሳል እንጂ ቀጭን ሴትም ትያዛለች፤ በቤተሰብም ይወረሳል።

ምልክቶቹ የወር አበባ መራራቅ ወይም መቅረት፣ በአገጭና በከንፈር ላይ የሚበቅል ጠንካራ ፀጉር፣ የማይለቅ ብጉር፣ የራስ ፀጉር መሳሳት፣ የአንገትና የብብት ቆዳ መጥቆር እንዲሁም የመፀነስ ችግር ናቸው። ዑደቱ ከ35 ቀን ሲያልፍ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች ሲመጣ መመርመር ይገባል። ጎጃም ውስጥ ቀን በበዓል ስለሚቆጠር ማስላቱ ቀላል ነው፦ በጥር ሚካኤል የመጣ የወር አበባ የካቲት 17 ካለፈው ዘግይቷል። የወር አበባ ማየት ከጀመሩ ብዙም ያልቆዩ ልጃገረዶች ግን ዑደታቸው ቢዛነፍ የተለመደ ነው።

የወር አበባ መቅረት ሁሉ ፒሲኦኤስ አይደለም። እርግዝና፣ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ በደጋው እንግዳ ካልሆነው እንቅርት ጋር አብሮ ሊኖር የሚችለው የታይሮይድ መዛባት ቀድመው መጣራት አለባቸው። ከዚያ በኋላ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮተርዳም ላይ በተቀመጠው መስፈርት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ይፈለጋሉ፦ የዑደት መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የታየ ብዙ ከረጢት። ከረጢት ሳይታይም ሕመሙ ሊኖር ይችላል፤ ከረጢት ብቻ መታየቱም ሕመም አያሰኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያዙ፣ እስከ 70 በመቶዎቹም እንደማያውቁት ይገምታል። ከጎጃም ወረዳዎች፣ ከጎዛምን፣ ከስናን ወይም ከማቻከል ተነስታ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የምትደርስ ሴት ብዙ ጊዜ የምትመጣው ልጅ ሲዘገይ፣ ጎረቤትም «መካን» ማለት ሲጀምር ነው። ይሁን እንጂ በፒሲኦኤስ የሚመጣ የመፀነስ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይታከማል። ሌትሮዞል የተባለው ክኒን እንቁላል እንዲለቀቅ ያግዛል፤ ክብደት ለጨመረች ሴት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሱ ብቻ ዑደቱን ሊመልሰው ይችላል። መፀነስ ለማትሻ ሴት ዑደቱን ለማስተካከል የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ ለኢንሱሊኑ ሜትፎርሚን ይታዘዛል።

ልጅ ያልፈለገችም ብትሆን ሕመሙ ችላ አይባልም። የወር አበባ ለረጅም ጊዜ ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል፤ የስኳር በሽታ ስጋትም ከፍ ይላል። ስለዚህ ወሯ ለተዛባባት ወጣት «ስትወልጂ ይስተካከላል» ማለት ምክር አይሆንም፤ ቀኖቹን መዝግባ የደም ግፊቷንና ስኳሯን እንድትለካ ወደ ሐኪም መላክ ይሻላል።