የመንገደኛ ገበታ፤ ከስንቅ እስከ ሳንድዊች

የአንድን አገር የሥልጣኔ ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው ቤተ መንግሥቱንና የጦር ሜዳውን ብቻ መመርመር አይበቃውም። መንገደኛው ወዴት አደረ፣ ምን በላ፣ የበላውንስ ከማን እጅ ተቀበለ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለሥራ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ጥያቄ በሆዱ ያውቀዋል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አልፎ፣ አጣዬን ተሻግሮ ከሚሴ ሲደርስ፣ በየሻይ ቤቱ ከሚቀርቡለት ምግቦች አንዱ በተሰነጠቀ ዳቦ መካከል የገባ እንቁላል ነው። ሳንድዊች የምንለው ይኸው ነው። ይህ ምግብና የሚሸጥባቸው ቤቶች እንዴት እንደ ተስፋፉ መመልከት ትርፍ አለው።

በቀድሞው ዘመን እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያለውን ያቀርባል። ሰኞ ወደ ሚውለው የባቲ ገበያ፣ ወይም እሑድ ወደ ሚውለው የሰንበቴ ገበያ የሚወርደው ነጋዴ ደግሞ በሶውን፣ ቆሎውንና ጭኮውን በስንቅ ቋጥሮ ይጓዛል። በአዲስ አበባ እንኳ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን ስላልለመዱት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው በመክፈል እንዳስተማሩ ይተረካል። እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ መብላት በአገራችን በትምህርት የመጣ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ኢጣልያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠሩ። ወራሪው ተባሮ ሄደ፤ መንገዱ ግን ቀረ። ከመንገዱም ጋር ፉርኖ የሚለው ቃል ቀረ፤ ትርጉሙም በኢጣልያንኛ ምድጃ ማለት ነው። በከሚሴ ዙሪያ በጨፋ ሜዳና በቦርከና ወንዝ አካባቢ ባለው ቆላ ማሽላ የለመደ ገበሬ፣ ከደጋ የሚወርደውን የስንዴ ዳቦ በከተማ ማግኘት ጀመረ። ፉርኖ ባለበት ከተማ ሻይ ቤት ለመክፈት ብዙ ካፒታል አያስፈልግም። ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ጥቂት ብርጭቆና አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል፤ ዳቦው ከፉርኖው በየማለዳው ይመጣል። ስለዚህ አንድ ፉርኖ ብዙ ሻይ ቤቶችን ይወልዳል። በአንድ ስም ባይጠሩም በአንድ ዳቦ የተያያዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚህ ጐዳና ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ ይተላለፋሉ። እንደሚታወቀው ግን እስላሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም እስላም ያረደውን ሥጋ አይበላም። የወሎ ሰው ይህን ችግር በጨዋነት ፈትቶታል፤ ክርስቲያኑ ሲድር ለእስላም ጎረቤቱ በእስላም እጅ ለብቻ ያሳርዳል፤ እስላሙም እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን በፍጥነት የሚያልፍ መንገደኛ ማን እንዳረደለት የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። እንቁላልና ፉል በዳቦ ይህን ጥያቄ አያስነሡም። በጾም ወራት ደግሞ እንቁላሉ ቀርቶ በቲማቲምና በቃሪያ ይተካል። እንግዳ ሰው ባለቤቱን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ የሚቀመጥበት ገበታ በመገኘቱ፣ ሳንድዊች ከምግብነት አልፎ የመተማመን ምልክት ሆነ።

መተማመን የዚህ ንግድ ሥር መሆኑን ሌላውም ዓለም ይመሰክራል። በ1957 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በብሪጅፖርት ከተማ፣ ፍሬድ ደሉካ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ከዶክተር ፒተር ባክ 1000 ዶላር ተበድሮ አንዲት የሳንድዊች ሱቅ ከፈተ። በ10 ዓመት ውስጥ 32 ሱቆች ለመክፈት አቅደው ነበር፤ ዕቅዱ እንደማይደርስ ባዩ ጊዜ ስማቸውንና ደንባቸውን ለሌሎች ሰዎች ማከራየት ጀመሩ። ዛሬ ሰብዌይ የሚባለው ይህ ድርጅት በዓለም ላይ ከ30 ሺህ በላይ ሱቆች አሉት። ደንበኛው የሚከፍለው ለዳቦው ብቻ አይደለም፤ በማያውቀው ከተማ የሚያውቀውን ነገር ለማግኘቱም ጭምር ነው። በአገራችንም ወይዘሮ ጸዳይ አስራት የመሠረቱት ካልዲስ ቡና በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ በአንድ ስምና በአንድ ዐይነት አቀራረብ ብዙ ቅርንጫፎችን አብዝቷል።

የከሚሴ መንገድ ሻይ ቤቶች ይህን የመሰለ ሰፊ ስም የላቸውም፤ የሚያጸናቸው ጐዳናው ክፍት መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ቤቶችና ሱቆች ተቃጠሉ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ወረደ። መኪና ሲቆም ፉርኖው ይቀዘቅዛል፤ ፉርኖው ሲቀዘቅዝ ከእርሱ የሚኖሩት ሻይ ቤቶች ሁሉ ይዘጋሉ። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት የአንዱን ቤት ኪሳራ በሌላው ይሸፍናል፤ በአንድ መጥበሻ የምትተዳደር እናት ግን መሸፈኛ የላትም። ለልጆቿ ትምህርት ቤት የምትከፍለውም ከዚያው መጥበሻ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ የንግድ ፈቃድ የምትሰጡ፣ ግብር የምትሰበስቡ፣ ንጽሕና የምትቈጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ፣ በመንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ ሻይ ቤት እንደ ትንሽ ነገር አትመልከቷት። አያቶቻችን ለእግዜር እንግዳ የሰጡት እምነት ዛሬ በእርሷ ደጅ በዳቦ ተሸጦ ይገኛል። የንጹሕ ውሃ፣ የቀና ፈቃድና የሰላም መንገድ ባለቤት ስትሆን አንዷ ቤት ዐሥር ትሆናለች፤ ዐሥሩም መንገደኛውን ማን ነህ ሳይሉ ያስተናግዱታል።